ወፍራም ጓንት አድርገን ጣታችን ለምን ይደነዝዛል? ለዝናብና ለብርድ የሚሆን ቀላል ጓንት አመራረጥ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ሞተር ስነዳ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ወፍራም ጓንት ገዛሁ፣ ለውጥ የለውም። ደም ማነስ ይሆን? ቫይታሚን ልውሰድ?» ክሊኒክ ውስጥም ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥመኛል። ዴሊቨሪ የሚሠሩ ልጆች፣ ማለዳ ጉሊት የሚዘረጉ እናቶች፣ ዝናብ ላይ ቆመው የሚውሉ ትራፊኮች፣ እንጦጦ የሚሮጡ ወጣቶች ይጠይቁኛል።

አንዳንዴ እውነትም ምርመራ የሚፈልግ ችግር ይኖራል፤ እሱን ከታች እናየዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ደማችን ውስጥ ሳይሆን ጓንታችን ላይ ነው።

ዋናውን ነገር ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ በእኛ ክረምት እጅን የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን አይደለም። ብርድ፣ ውሃና ነፋስ ሲተባበሩ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን በጣም ወፍራም ጓንት ሳይሆን ውሃ የማያስገባ፣ ነፋስ የሚከለክልና ጣት የማያጨናንቅ ቀላል ጓንት ነው። ለምን? እስቲ አብረን እንየው።

1. ለምን ከሁሉ በፊት ጣት ይበርደዋል?

ሰውነታችን ሲበርደው ቅድሚያ የሚሰጠው ለልብ፣ ለአንጎልና ለሌሎች የውስጥ አካላት ነው። እነሱን ለማሞቅ ሲል የእጅና የእግር ጣቶችን የደም ሥሮች ያጠባል። ሞቃቱ ደም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ጣት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ይሄ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ሰውነት ራሱን የሚያድንበት ዘዴ ነው።

ሌላው ምክንያት የጣት አፈጣጠር ነው። ጣት ቀጭን ስለሆነ ሙቀት የሚይዘው ሥጋ ትንሽ፣ ሙቀት የሚያጣበት ቆዳ ደግሞ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም ማለት ይቻላል። ጣታችንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ያሉት ክንዳችንና መዳፋችን ላይ ነው፤ ጣት ጋ የሚደርሰው ጅማታቸው ብቻ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ሙቀት ያመነጫል፤ ጣት ግን የራሱ ምድጃ የለውም። የሚሞቀው በሚደርሰው ደም ነው። ደሙ ሲቀንስበት በቃ፣ ቀዘቀዘ ማለት ነው።

ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ስንሆን የጣታችን ቆዳ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ወደ 15 ዲግሪ ሲጠጋ ጣት መገተር ይጀምራል፤ ቁልፍ ማስገባት፣ ዚፕ መዝጋት፣ ስልክ መንካት ያስቸግራል። ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ የመዳሰስ ስሜታችን በጣም ይቀንሳል።

«አዲስ አበባ ላይ እኮ በረዶ የለም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። የጣት ሥጋ በረዶ ሆኖ የሚሞትበት ከባድ ጉዳት የሚመጣው የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች ሲሆን ነው። ነገር ግን አደጋ ለመድረስ ጣት በረዶ መሆን የለበትም። ሞተር ላይ ሆናችሁ አስፋልቱ ርጥብ ነው፣ ከፊት ያለው ሚኒባስ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ እንበል። ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጣችሁት የሚነግራችሁ ጣታችሁ ነው። ያ ጣት ከደነዘዘ ወይ ትዘገያላችሁ፣ ወይ አብዝታችሁ ትይዙትና ጎማው ይንሸራተታል። ስለ ጓንት የምጽፈው ለምቾት ብቻ ብዬ አይደለም።

2. ሙቀት የሚሰርቁ ሦስት ሌቦች

የመጀመሪያው ሌባ ውሃ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በላቀ ፍጥነት ያስተላልፋል። ለዚህ ነው 15 ዲግሪ አየር ላይ ቆመን የምናወራው፣ 15 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግን እጃችን ቶሎ የሚቀዘቅዘው። ጓንት ሲረጥብ እጃችንን በቀዝቃዛ ውሃ እንደ መጠቅለል ነው።

ሁለተኛው ሌባ ትነት ነው። ውሃ ከጓንቱ ላይ ሲተን ሙቀቱን የሚወስደው ከአካባቢው ነው፤ ቅርብ ያለው ደግሞ እጃችን ነው። በሁለት የሻይ ማንኪያ ልክ የሚሆን ውሃ ከጓንታችሁ ላይ እስኪተን የሚፈልገው ሙቀት አንድ ሲኒ የቧንቧ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይሄን ሁሉ እጃችን ብቻውን አይከፍልም፣ አየሩም ያግዛል፤ ግን እጃችን ድርሻውን ይከፍላል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጭራሽ ብርዱ የሚብስብን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሦስተኛው ሌባ ነፋስ ነው። ቆዳችን ዙሪያ በራሳችን ሙቀት የሞቀች ስስ የአየር ሽፋን አለች። ነፋስ እሷን ጠርጎ ይወስዳታል። 10 ዲግሪ በሆነ ማለዳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሞተር የሚነዳ ሰው ደረቅ ቆዳው ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ ወደ 6 ዲግሪ የተጠጋ ነው። እጁ ርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ውጭ ምንም ነፋስ ባይኖርም ሞተሩ ራሱ ነፋስ ይሠራል።

ከፍታንም አትርሱ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከከተማው መሀል ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የእንጦጦ ጫፍ ስትወጡ የ4 እና የ5 ዲግሪ ልዩነት ብታገኙ አይግረማችሁ። ቦሌ ላይ የበቃ ጓንት እንጦጦ ላይ ላይበቃ ይችላል።

3. ታዲያ ወፍራሙ ጓንት ለምን አልሠራም?

ጓንት በራሱ ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቀን በውስጡ የያዘው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ጨርቁ አየሯን አስሮ የሚያስቀምጥ ዕቃ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ከዚህ ተነስተን የወፍራም ጓንት ችግሮችን እንይ።

👉 ውሃ ከገባበት አየሩ ይወጣል። ወፍራም ጓንት ውሃ የማያስገባ ሽፋን ከሌለው እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ከረጠበ በኋላ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ በማግስቱ ርጥቡን ታደርጉታላችሁ።

👉 ጣት ላይ ከተጣበቀ ያፍናል። ወፍራም ሆኖ የጠበበ ጓንት ውስጡ አየር የለውም፤ በዚያ ላይ ጣት ጋ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል።

👉 ጣት ቀጭንና ክብ ስለሆነ ውፍረት መደራረብ ከተወሰነ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። ጓንቱ በወፈረ ቁጥር ሙቀት የሚያስወጣው የውጭ ገጽም አብሮ ይሰፋል። ለጀርባችን የሚሠራ ወፍራም ጃኬት ለጣታችን እኩል የማይሠራው ለዚህ ነው።

👉 ያስወልቃል። ስልክ ሲጠራ፣ ሒሳብ ስትቀበሉ፣ ቁልፍ ስትፈልጉ ታወልቁታላችሁ። እጃችሁ ዝናብ ይነካዋል፤ መልሳችሁ ስታስገቡት ውሃውን ይዞ ይገባል። በቀን 20 ጊዜ የሚወልቅ ወፍራም ጓንት ከማይወልቅ ስስ ጓንት ያነሰ ያሞቃል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው የበረዶ መንሸራተቻ ጓንትም እዚህ ጋ ይመደባል። ጓንቱ ጥሩ ነው፤ የተሠራው ግን ለደረቅና ለከባድ ብርድ ነው። እዚህ አምጥታችሁ በ12 ዲግሪ ብትሮጡበት እጃችሁ ያልበዋል፤ ላቡ ደግሞ ከውስጥ ያረጥበዋል። ርጥበት ከዝናብም መጣ ከላብ ያው ርጥበት ነው።

4. ጨርቁን እንወቀው

ጥጥ፦ ለዝናብ አይሆንም። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲረጥብ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ለግንባታ ሥራ የሚሸጠው ነጭ የክር ጓንት በብዛት ጥጥ ወይም የጥጥ ቅልቅል ነው፤ ለደረቅ ሥራ ጥሩ፣ ለዝናብ መጥፎ።

ሱፍ፦ የሱፍ ክር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ርጥበት ውስጡ ይዞ ሲነካ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ሲረጥብም ቅርጹን ስለሚይዝ የተወሰነ አየር ያስቀራል። ነፋስ ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከሥር የሚለበስ ነው።

ፖሊስተርና ፍሊስ፦ ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ረጥቦ ብትጨምቁት አብዛኛው ውሃ ይወጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቀላል ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። እንደ ሱፍ ግን ነፋስ ያሳልፋል።

ቆዳ፦ ነፋስ ይከለክላል፣ ስትወድቁ መዳፍን ከመላጥ ያድናል። ለረጅም ዝናብ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከጠጣ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይገተራል።

ኒዮፕሪን፦ የዋናተኞች ልብስ የሚሠራበት የጎማ ዓይነት ነው። ውስጡ ጥቃቅን የአየር ኪሶች ስላሉት ረጥቦም ያሞቃል። ላብ ግን አያስወጣም።

ናይትራይል፣ ላቴክስና የዕቃ ማጠቢያ ጎማ፦ ውሃም ነፋስም አያሳልፉም። በራሳቸው ግን እምብዛም አያሞቁም፤ ከሌላ ጓንት ጋር ሲጣመሩ ነው ጥቅማቸው። ላቴክስ አለርጂ የሚሆንበት ሰው ስላለ ናይትራይል ይመረጣል።

«የሚተነፍስ» ውሃ መከላከያ፦ ጎርቴክስና መሰሎቹ ናቸው። በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ የውሃ ጠብታ አያስገባም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣል። ውድ ነው፤ አቅም ካለ ግን ለዝናብ ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው።

5. ሁለት ስስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል

ለብዙዎቻችን የምመክረው ይሄን ነው፦ ከሥር ስስ የሱፍ ወይም የፍሊስ ጓንት፣ ከላይ ሰፋ ያለ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን። የሥሩ አየር ይይዛል፤ የላዩ ውሃና ነፋስ ይከለክላል። በመካከላቸው ያለው አየርም ተጨማሪ ሙቀት ነው። ዝናብ ከሌለ የላዩን አውልቃችሁ ኪስ ውስጥ ትከታላችሁ። የሥሩ ከረጠበ ቀይራችሁ ሌላ ታደርጋላችሁ፤ ስስ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጥንድ መያዝ አይከብድም።

አቅም ለማይፈቅድለትም መፍትሔ አለው። ጉሊት ላይ ለምትቀመጥ እናት ወይም መኪና ለሚያጥብ ልጅ፦ ከሥር ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ጓንት፣ ከላይ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ጎማ ጓንት። በጣም ርካሽ ነው፣ ደግሞም ይሠራል።

ለሞተረኞች ግን ይሄ አይሆንም። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት መሪ ላይ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ስትወድቁም መዳፋችሁን አያድንም። እናንተ የሞተር ጓንታችሁን ከላይ አድርጋችሁ ከሥሩ ስስ የናይትራይል ጓንት ልበሱ። የውጭው ቢረጥብም ቆዳችሁ ላይ ነፋስና የዝናብ ውሃ አይደርስም። እጃችሁ ማላቡ አይቀርም፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ገደማ አውልቃችሁ አድርቁና አዲስ ቀይሩ። ከረጅም ሰዓት ላብ ቆዳ ነጭ ሆኖ ይሸበሸባል፣ ይላጣል። ሽፍታ ወይም ማሳከክ ካመጣባችሁ ተዉት።

6. ሱቅ ውስጥ የምታደርጓቸው 5 ፈተናዎች

«ዋተርፕሩፍ ነው» የማይል ሻጭ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ፈትሹ።

አንድ፣ የጭብጥ ፈተና። ጓንቱን አድርጋችሁ እጃችሁን አጥብቃችሁ ጨብጡ። የጣታችሁ ጫፍ ጨርቁን ከገፋው ወይም መዳፍ ላይ ከወጠረው ጠባብ ነው። ጣት ስትዘረጉ ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ይኑር።

ሁለት፣ የሳንቲም ፈተና። ጓንቱን ሳታወልቁ ጠረጴዛ ላይ ያለ የአንድ ብር ሳንቲም አንሱ። ካልቻላችሁ መንገድ ላይ ደጋግማችሁ ልታወልቁት ነው። ስልካችሁንም በጓንቱ ነክታችሁ ሞክሩ። ነገር ግን ስክሪን ሲረጥብ ማንኛውም ጓንት እንደሚያስቸግር እወቁ።

ሦስት፣ የነፋስ ፈተና። ጓንቱን አፋችሁ ላይ አስጠግታችሁ ከውጭ ወደ ውስጥ እፍ በሉበት። ትንፋሻችሁ በሌላ ወገን ከተሰማ ሞተር ላይ ነፋሱም ይሰማችኋል።

አራት፣ ስፌቱና አንጓው። ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ቀዳዳና በእጅ አንጓ በኩል ነው። ውስጡን ገልብጣችሁ ስፌቱ በፕላስቲክ የታሸገ መሆኑን እዩ። አንጓው ረዘም ብሎ የሚጠብቅ ይሁን። ክንድ ወደ ታች ከሆነ፣ ለምሳሌ ስትራመዱ፣ የጃኬቱ እጅጌ ከጓንቱ በላይ ይዋል። ክንድ ወደ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትራፊክ ስታስተናግዱ፣ ጓንቱ ከእጅጌው በላይ ይሁን።

አምስት፣ የሶፍት ፈተና። ይሄ ቤት ነው የሚሠራው። ጓንቱ ውስጥ ደረቅ ሶፍት አስገቡና የጓንቱን አፍ ወደ ላይ ይዛችሁ ጣቶቹን 5 ደቂቃ ቧንቧ ሥር አቆዩት። ሶፍቱ ከረጠበ ጓንቱ ውሃ «ይቋቋማል» እንጂ ውሃ አይከለክልም። ለካፊያ ይበቃል፤ ለነሐሴ ዶፍ ግን አይበቃም።

7. ለማን የቱ ይሻላል?

ሞተረኛ፦ መዳፉ ቆዳ ወይም የተጠናከረ፣ ውሃ የማያስገባ፣ አንጓው ረጅም። ከሥር ስስ መደረቢያ። የሞተር መሪ ላይ የሚገጠም የእጅ መከለያ ካገኛችሁ ነፋሱንና ዝናቡን ከፊት ስለሚይዝ ትልቅ እገዛ ነው።

በእግርና በታክሲ የሚሄድ፦ ስስ ፍሊስና ጃንጥላ ይበቃል። ጃንጥላ የሚይዘው እጅ ነው የሚረጥበው፤ እጅ ቀያይሩ።

ሯጭ፦ በጣም ስስ ፖሊስተር። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሰውነታችሁ ስለሚሞቅ ወፍራም አያስፈልጋችሁም። ሩጫው ሲያልቅ የምትቀይሩት ደረቅ ጥንድ ግን ያዙ፤ ብርዱ የሚመታችሁ ስትቆሙ ነው።

ተራራ ወጪ፦ ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ሳነቴ የምትሄዱ ሰዎች ጉዳያችሁ ሌላ ነው። 4,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ስስ መደረቢያ፣ ውሃ የማያስገባ ሽፋን፣ በተጨማሪም አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ድፍን ጓንት ያዙ። ጣቶች ተቀራርበው ሲቀመጡ ሙቀት ይጋራሉ።

ሲያትልና ለንደን ያላችሁ ቤተሰቦቻችንም የክረምታችሁ ዋና ችግር ካፊያና ነፋስ ስለሆነ ከላይ ያለው ምክር ለእናንተም ይሠራል።

8. ጓንት ብቻውን አይበቃም

ከላይ እንዳልኩት ጣት የሚሞቀው በደም ነው። ደረታችሁ ከበረደው ሰውነት የጣትን በር ይዘጋል፤ የፈለገ ጓንት ብታደርጉም አይከፍተውም። ስለዚህ ደረትና አንገት ይሸፈን፣ ልብስ አይርጠብ፣ ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ። የእጅ አንጓም ይሸፈን፤ ወደ ጣት የሚሄደው ደም እዚያ ቆዳ ሥር ነው የሚያልፈው። ሲጋራ የደም ሥር ያጠባል። «ለማሞቂያ» ብሎ ማጨስ ጣትን ማቀዝቀዝ ነው።

አረቄስ? የሚሰማችሁ ሙቀት እውነት ነው፤ አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ሞቃት ደም ወደ ቆዳ ይመጣል። ችግሩ ያ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውስጥ ሙቀታችሁ ይቀንሳል። ሞተር ለሚነዳ ሰው ደግሞ ሌላውን አደጋ መናገር አያስፈልገኝም።

9. ጣት ከደነዘዘ ምን እናድርግ?

✅ ርጥቡን አውልቁ፣ እጃችሁን አድርቁ፣ ብብታችሁ ሥር አስገቡት። ብብት ሁሌም አብሯችሁ ያለ ማሞቂያ ነው።

✅ ለብ ያለ ውሃ ካለ እጃችሁን ንከሩበት። ውሃው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ይሁን፤ ያልደነዘዘ ሰው በክርኑ ይለካው።

✅ ክንዳችሁን በትልቁ እያዞራችሁ አወዛውዙ፤ ደም ወደ ጣት ይገፋል።

❌ ከሰል ላይ አትሙቁ። የደነዘዘ ጣት ማቃጠሉን አይነግራችሁም። በተዘጋ ቤት ከሆነ ደግሞ የከሰል ጭስ ገዳይ ነው።

❌ ጣት በጣም ቀዝቅዞ ከደነዘዘ አጥብቃችሁ አትሹት። ቆዳው ይላጣል።

ጣት ሲሞቅ መቆጥቆጥና መንዘር የተለመደ ነው፤ ደሙ እየተመለሰ ነው።

10. ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው?

ይሄን ክፍል ሳታልፉ አንብቡልኝ።

ጣታችሁ ድንገት ነጭ ሆኖ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ሲሞቅ ደግሞ ቀይ የሚሆን ከሆነ የሬይኖ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስያሜው የመጣው በ1862 ከገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ ነው። ወጣት ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜም ብርድ በመከላከል ብቻ ይስተካከላል። ከ30 ዓመት በኋላ ከጀመረ፣ አንድ እጅ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጣት ጫፍ ላይ ቁስል ካለ፣ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመምና የቆዳ መጠንከር አብሮት ካለ ግን ምርመራ ያስፈልጋል።

የጥቁር ሰው ቆዳ ላይ እነዚህ ቀለሞች ጎልተው ላይታዩ ይችላሉ። መጽሐፍ ላይ «ቀይ» የተባለው እኛ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የጥፍራችሁን ሥርና መዳፋችሁን እዩ፣ ስሜቱንም አትናቁ። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች በቅዝቃዜ ለሚመጣ የእጅና የእግር ጉዳት የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይተዋል። «እኛ ደገኞች ነን፣ ብርድ ለምደናል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ከብርድና ከርጥበት ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጣት ላይ የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል እብጠት ከወጣ ቺልብሌይን የሚባለው ሊሆን ይችላል። ከብርድ ከራቃችሁ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይድናል። ከቆሰለ ወይም ከተመላለሰ ታዩ።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና መሀል ጣትን የሚያደነዝዝ ስሜት ከብርድ ሳይሆን አንጓ ላይ ከተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ብርድ በሌለበት የእጅና የእግር መደንዘዝ ካለ ደግሞ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር መታየት አለባቸው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ሰዎች ስሜታችሁ ቀድሞ የቀነሰ ሊሆን ስለሚችል ከሌላው የበለጠ ተጠንቀቁ።

እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የማይግሬንና የአፍንጫ መታፈን መድኃኒቶችም ጣት ያቀዘቅዛሉ። ከጠረጠራችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ።

አንድ እጅ ድንገት ቢቀዘቅዝ፣ በጣም ቢያምና ቢገረጣ ግን ጓንት ፍለጋ አትሂዱ። የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል!

11. ስለ ሰልባጅና ስለ ማድረቅ

ጥሩ ጥሩ የሱፍና የፍሊስ ጓንት ሰልባጅ ተራ ይገኛል፤ እኔም እገዛለሁ። ከማድረጋችሁ በፊት ግን እጠቡት። የእከክ ተባይ በ50 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት 10 ደቂቃ ከቆየ ይሞታል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ስለሚኮማተር እሱን በፌስታል አጥብቃችሁ አስራችሁ አንድ ሳምንት አቆዩትና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። ጓንት መዋዋስም ይቅርባችሁ።

ቤት ስትገቡ ውስጡን ገልብጣችሁ አየር የሚያገኝበት ቦታ ስቀሉት። የቀኑን ጋዜጣ ወይም ሶፍት ውስጡ ብትጠቀጥቁ ርጥበቱን ይመጥጣል። ከሰል ወይም ምድጃ ላይ አታድርቁት፤ ውሃ መከላከያው ይበላሻል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ማታ እጃችሁን ታጥባችሁ ቫዝሊን ተቀቡ፤ ያልተሰነጠቀ ቆዳ ብርድን በተሻለ ይችላል።

ባጭሩ፦ ጥጥ ለዝናብ አይሆንም። ሁለት ስስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። የላዩ ውሃና ነፋስ ይከልክል፣ የሥሩ አየር ይያዝ፣ ጣት አይጨናነቅ። ቦርሳ ውስጥ አንድ ደረቅ ጥንድ አይጥፋ። ጓንት ቀይራችሁም፣ ሙቀት ባለበት ቤትም መደንዘዙ ካልተወ ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ተመርመሩ።

ሞተር የሚነዳ ወንድም፣ ማለዳ የምትወጣ እናት ካላችሁ ይሄን ሼር አድርጉላቸው። የእጃችሁን ሁኔታ መጠየቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በቻልኩት አቅም እመልሳለሁ።